የሱቅ ኪራይ በአንዴ ከ24,000 ወደ 40,000 ብር ሲጠየቅ እንዴት መደራደር ይገባል?

የገርጂዋ ሰፊ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ገርጂ አካባቢ 18 ካሬ ሜትር በሆነች ሱቅ የሀበሻ ልብስ እየሰፋሁ መሸጥ ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሁለት ሠራተኞችና ሦስት የስፌት ማሽኖች አሉኝ። የምከፍለው ኪራይ በወር 24,000 ብር ሲሆን፣ ውሉ መስከረም 30 ቀን ያበቃል። አከራዬ በዕድሜ የገፉ፣ እስከ ዛሬም ክፉ ቃል ከአፋቸው ያልሰማሁ ሰው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ወደ ሱቁ መጥተው ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ አጠገብ እንደቆሙ፣ «ከጥቅምት ጀምሮ 40,000 ብር ነው፤ የማይሆንሽ ከሆነ በጊዜ ንገሪኝ፣ ፈላጊው ብዙ ነው» አሉኝ። ምክንያታቸውን ሲያስረዱም፣ ዶላሩ ከጨመረ ወዲህ ሁሉም ነገር እንደተወደደና ከጎናችን ያለው ሱቅ በ42,000 ብር መከራየቱን ደላላው እንደነገራቸው ገለጹልኝ።

ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ሳይወስደኝ አድሬ በማግስቱ ስልክ ደወልኩና «አባባ፣ እባክዎ አስተያየት ያድርጉልኝ፤ 28,000 ይሁንልኝ» አልኳቸው። ሳቅ ብለው «ለአንቺ ስል 38,000 ይሁን» አሉኝ፤ ንግግራችንም በዚሁ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር መቸኮሌ ይቆጨኛል። ሽሮ ሜዳ ጨርቅ ስገዛ በዋጋ ክርክር ማንም አይረታኝም፤ እኚህን ሰው ሳነጋግር ግን አፌ ይተሳሰራል። የፊታችን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው ሄጄ እንድንነጋገር ቀጠሮ ይዘናል። ሽማግሌ ይዤ ልሂድ? እለቃለሁ ብዬ ላስፈራራ? ወይስ 33,000 ብዬ መሀል ላይ እንገናኝ? ድርድር ሥራችሁ የሆነ ሰዎች ነገሩን ከመሠረቱ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ግዥ ክፍል የኖረ

እህቴ፣ ከ20 ዓመት በላይ በግዥ ሥራ ላይ ስለቆየሁ በገዢ ወገን ተቀምጦ መደራደር ምን እንደሚመስል ጥቂት አውቃለሁ። ስልክ መደወልሽ ጥሩ ባይሆንም ያለ ጥቅም አልቀረም፤ አንድ ትልቅ ነገር ነግሮሻል። ሰውየው ምንም ነገር ሳትሰጫቸው በአንድ ደቂቃ ውስጥ 2,000 ብር ከቀነሱ፣ 40,000 የሚለው ቁጥር ተሰልቶ የመጣ ሳይሆን «እስቲ ምን ትላለች» ተብሎ የተጣለ ነው። በሌላ በኩል አንቺም በአንድ ትንፋሽ 4,000 ብር ጨምረሻል፤ እርሳቸውም ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም። ስለዚህ ከእንግዲህ የምትጨምሪው እያንዳንዱ ብር ከቀዳሚው ያነሰ ይሁን፤ በምትኩም የሆነ ነገር ሳትቀበዪ አትጨምሪ። ጭማሪሽ እያነሰ ሲሄድ ወደ ጫፍሽ መድረስሽን ሳትናገሪ ይረዱታል።

እሑድ ከመሄድሽ በፊት ግን አንድ ቁጥር በእጅሽ መኖር አለበት፤ ኪራዩ ከዚያ ካለፈ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ የምትነሺበት ቁጥር። ይህን በስሜት ሳይሆን በወረቀት አውጪው። ለምሳሌ በአካባቢሽ ተመሳሳይ ሱቅ በ30,000 ብር አገኘሽ እንበል። ለመዛወር መደርደሪያው፣ መስታወቱ፣ የመብራት መስመሩ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውና የጫኝ አውራጁ ክፍያ ተደምሮ 90,000 ብር ቢፈጅ፣ ደንበኞችሽ አዲሱን ቦታ እስኪለምዱ የሚቀርብሽ ገቢ ደግሞ 30,000 ብር ቢሆን፣ ጠቅላላው 120,000 ብር ለ24 ወር ሲካፈል በወር 5,000 ብር ይመጣል። እንግዲህ አሁን ያለሽበት ሱቅ እስከ 35,000 ብር ድረስ ያዋጣሻል፤ ከዚያ ካለፈ መልቀቁ ይሻላል ማለት ነው። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ስለሆኑ የራስሽን ተክተሽ ሥሪው፤ የሚወጣውንም ለማንም፣ ለሠራተኞችሽም ቢሆን፣ አትንገሪ።

ያች የ30,000 ብር ሱቅ ደግሞ በዓይን የታየች መሆን አለባት። «ላም አለኝ በሰማይ» ይዞ ወደ ድርድር የሚገባ ሰው ከፊቱ ያስታውቃል። በዚህ ሳምንት ቢያንስ ሦስት ሱቆች በእግርሽ ዞረሽ እዪ፤ ወለሉን ለኪ፤ ስለ ውኃና ስለ መጸዳጃ ጠይቂ፤ የባለቤቱን የመጨረሻ ዋጋ ያዢ። የምትሄጂበት ቦታ ሲኖርሽ ድምፅሽ ራሱ ስለሚለወጥ ማስፈራራት አያስፈልግሽም። በ42,000 ተከራየ ስለተባለው ሱቅም ከደላላው ሳይሆን ከጎረቤትሽ ስሚ። ስፋቱ ስንት ነው? ፊቱ ወደ ዋናው መንገድ ነው ወይስ እንደ አንቺ ገባ ያለ ነው? ስንት ወርስ በቅድሚያ ተከፈለበት?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰውየው ገንዘቡን ለምን እንደፈለጉት ለማወቅ ሞክሪ። በአንድ ወቅት ለመሥሪያ ቤታችን ወረቀት የሚያቀርብ ነጋዴ ከዋጋው ንቅንቅ አልል አለን። ሦስት ጊዜ ተሰብስበን፣ ሦስቱንም ጊዜ በአንድ ደስጣ ዋጋ ላይ ስንጨቃጨቅ ዋልን። በአራተኛው ስብሰባ አንዲት ባልደረባችን ወረቀቷን አጥፋ «ከእኛ ጋር መሥራት ምኑ ነው የሚያስቸግርዎ?» ብላ ጠየቀችው። ሒሳብ ክፍላችን ክፍያውን ሁለት ወር ተኩል ያህል እያዘገየበት፣ በዚያ መሀል ከሰው ተበድሮ እንደሚሠራ ነገረን። ክፍያው በ15 ቀን ውስጥ እንዲፈጸም ስንስማማ ዋጋውን ራሱ ቀነሰ። እኛ በዋጋ ስንከራከር የሰውየው ሕመም ዋጋው አልነበረም።

የመርካቶ ሰው

ወንድሜ የጻፉትን እቀበላለሁ፤ ሁለት ሦስት ነገር ግን ልጨምር። መሀል ላይ መገናኘት የሚለውን ሐሳብ ተዪው፣ እህቴ። በ28,000 እና በ38,000 መካከል ያለው መሀል 33,000 የሆነው እርሳቸው ከሩቅ ስለጀመሩ ብቻ ነው። 50,000 ብለው ጀምረው 48,000 ላይ ቆመው ቢሆን፣ ያው መሀል 38,000 ሊሆን ነበር። መሀል የሚሉት ነገር ምንጊዜም ርቆ ለቆመ ሰው ያደላል።

ሁለተኛ፣ ዋጋሽን ከተናገርሽ በኋላ ዝም በዪ። ብዙ ሰው ዋጋ ጠርቶ ወዲያው ራሱን ማስተባበል ይጀምራል፦ «ማለቴ… ካልሆነ ደግሞ… ትንሽ ልጨምር እችላለሁ።» ከደሴ የምትመጣ አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ፤ ዋጋዋን ከተናገረች በኋላ ቀና ብላ አታየኝም። ጣቃውን ገልጣ የጨርቁን ጠርዝ በጣቷ እያሸች ትቀመጣለች። ዝምታው ሲከብደኝ አፌን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ በከፈትኩም ቁጥር ከዋጋው ላይ ይወርዳል። ይህን እያወቅኩ ስንት ዓመት እንደተሸነፍኩላት እኔ ነኝ የማውቀው።

ነገር ግን የሽሮ ሜዳን ጨዋታ ሁሉ ወደ እሑዱ ቤት እንዳትወስጂው። ጨርቅ ሻጩን ጥለሽው ስትሄጂ ከኋላ ይጠራሻል፤ ባይጠራሽም ሌላው ሱቅ ሁለት እርምጃ ነው። አከራይሽን ግን በየወሩ ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ። «በቃ እለቃለሁ» ብለሽ ወጥተሽ በማግስቱ ከተመለስሽ፣ ከዚያ በኋላ የምትናገሪው ቃል ዋጋ የለውም። ስለዚህ በእርግጥ ለመልቀቅ ካልቆረጥሽ በቀር ያን ቃል አታንሺው።

ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ነው፤ እናንተ አልተጣላችሁም። ምንም ያልበደሉ ሰው ቤት ሦስት ሽማግሌ ይዘሽ ብትገቢ «ምን አድርጌ ነው የምከሰሰው?» ይላሉ። ብቻሽን ሂጂ፤ ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ፤ አንድ ኪሎ ቡና ይበቃል።

እኔም አከራይ ነኝ

ልጄ፣ የእኛንም ወገን ስሚ። በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ሁለት ሱቆች አሉኝ። የዶላሩ ነገር ሰበብ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የእኔ መድኃኒት ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ የኪራዩ ብር እዚያው ቆሞ የመድኃኒቱ ዋጋ ሲሮጥ አይቻለሁ። ስለዚህ እሑድ ስትሄጂ «ምን ተወደደ?» ብለሽ አትከራከሪ። እውነቱን እውነት ነው ብለሽ ተቀበዪላቸው፤ ከዚያ «የእኔ ቀሚስ ዋጋ ግን በዚያ ልክ አልጨመረም» ብለሽ የራስሽን እውነት አስከትዪ። የተናገረው ነገር የተሰማለት ሰው ጆሮው ይከፈታል።

አከራይ የሚፈራውን ልንገርሽ፤ ባዶ ሱቅ ነው። ሒሳቡን አብረን እናስላው። ሱቁ በ38,000 ብር የሚወስደው ተከራይ እስኪገኝ ሁለት ወር ባዶ ቢከርም 76,000 ብር ቀረብኝ። አንቺ ብትቆዪና 32,000 ብትከፍዪ ግን ልዩነቱ በወር 6,000 ሆኖ የዓመቱ ድምር 72,000 ብር ነው። ቀለሙን፣ የተሰበረውን ቁልፍ፣ የደላላውን ድርሻ ሳልቆጥር ገና በመጀመሪያው ዓመት ከስሬአለሁ። ይህን ሒሳብ ተከራይ ሆኖ ያሳየኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ ሁሉም የሚመጣው «ልጆች አሉኝ» እያለ ነው። ልጆች እኔም አሉኝ።

ደላላው ደግሞ የሚበላው አዲስ ተከራይ ሲገባ እንጂ የቆየው ሲቆይ አይደለም። በእርሱ አፍ የሚመጣ ዋጋ ሁልጊዜ ከፍ ማለቱ ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በሰውየው ፊት ደላላውን አትስደቢ፤ ያመኑትን ሰው ስትሰድቢ እርሳቸውን ሞኝ እንዳልሽ ይቆጠራል። ይልቅ ጎረቤትሽ የነገረሽን ስፋትና ዋጋ በእርጋታ አቅርቢ።

አራት ዓመት ሙሉ በቀኑ ከፍለሽ ከሆነ የባንክ ደረሰኞችሽን በአንድ ፖስታ አድርገሽ ውሰጂ። ማውጣት እንኳ ላያስፈልግሽ ይችላል። አንዱ ተከራዬ ሰባት ወር ሳይከፍል አስጨንቆኝ ስለነበር፣ በሰዓቱ የሚከፍል ሰው ለእኔ ከዋጋው በላይ ነው።

ውል አርቃቂ

በሕግ ሙያ ላይ ያለሁ እንደመሆኔ ከዋጋው ውጭ ያለውን ልናገር። በቅድሚያ ጠያቂዋ አይስጉ፤ «ላስብበት» ብለው ዝም ቢሉ እንኳ 40,000 ብሩን እንደተቀበሉ አያስቆጥርብዎትም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1682 ዝምታ የቀረበን ሐሳብ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ሆኖም ውሉ ካበቃ በኋላ በምንም ነገር ሳይስማሙ በሱቁ መቆየት ጣጣ ስለሚያመጣ፣ ንግግሩን ከመስከረም 30 በፊት ይቋጩት።

ብዙዎች በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ይጠብቀናል ብለው ያስባሉ። ቢያንስ የ2 ዓመት ውል የሚያስገድደውና ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን የሚከለክለው ያ አዋጅ ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከት ነው። ሱቅ በዚያ አይሸፈንም፤ ስለዚህ ለመኖሪያ ቤት ተከራይ በሕግ የተሰጠውን እርስዎ በድርድር ማግኘት ይኖርብዎታል። የውሉን ዘመን፣ በመሀል ጭማሪ አለመኖሩን፣ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያውን ጊዜ እና የመብራት ቆጣሪውን ጉዳይ በሙሉ ከዋጋው ጋር በአንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። ዋጋው ለብቻው ተቆርጦ ካለቀ በኋላ «ደግሞ ይህም አለ» ብሎ መመለስ አከራዩን ያስቆጣል፤ በእጅዎም የሚሰጡት ነገር አይቀርም።

አንድ ጥያቄ ፈጽሞ አይርሱ፦ የተባለው ዋጋ ከቫት ጋር ነው ወይስ ያለ ቫት? አከራዩ ተመዝጋቢ ከሆኑ በ38,000 ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 43,700 ብር ይሆናል። እርስዎም ተመዝጋቢ ከሆኑ በደረሰኝ ሊያቀናንሱት ይችላሉ፤ ካልሆኑ ግን ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ወጪ ነው። ከላይ የተሰላው የ35,000 ብር ጣሪያም ያን ጊዜ ከቫት በፊት ወደ 30,400 ብር ገደማ ይወርዳል። በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት የተጨበጨበለት ስምምነት ሲፈርስ አይቻለሁ።

በመጨረሻ የተስማማችሁበት በጽሑፍ ይስፈር፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። ቁጥር 1731 እንደሚለው በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ላቋቋሙት ሰዎች ሕግ ነው። ሰውየው ደግ መሆናቸው ውሉን አያስቀረውም፤ ነገ የሚያነጋግሩዎት ወራሾቻቸው ሊሆኑ ይችላሉና።

የገርጂዋ ሰፊ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የታዘዝኩትን መሥራት ጀምሬያለሁ። አራት ሱቆች አይቻለሁ፤ ሁለቱ ለስፌት የማይሆኑ ናቸው፣ አንዱ 36,000 ነው፣ አራተኛው ግን 29,000 ብር ሆኖ ትንሽ ከመገናኛው መንገድ ይርቃል። ጎረቤቴ 42,000 መክፈሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእርሱ 26 ካሬ ሜትር ነው፣ ሁለት በርም አለው። የእኔን በወረቀት ሳሰላው ጣሪያዬ 34,000 ብር ሆኖ ወጣ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ እሑድ ቁጥር ቀድሜ የምናገረው እኔ ልሁን ወይስ እርሳቸው?

የመርካቶ ሰው

እርሳቸው ይቅደሙ። ቀድሞ የተናገረ ቀድሞ ይታወቃል።

ግዥ ክፍል የኖረ

በዚህ ከመርካቶው ወንድሜ ጋር አልስማማም። ዋጋውን የማታውቂው ዕቃ ከሆነ ሌላው ይቅደም፤ ገበያውን እንዲህ ዞረሽ ካወቅሽው ግን መቅደሙ ይጠቅምሻል፤ አለበለዚያ ንግግሩ ሁሉ 38,000 ዙሪያ ሲሽከረከር ይውላል። ጎረቤትሽ በካሬ ሜትር 1,615 ብር ገደማ ነው የሚከፍለው፤ በዚያ ሒሳብ እንኳ የአንቺ 18 ካሬ ሜትር 29,000 ብር ብቻ ይሆናል። ከዚህ ቁጥር ተነሺ፤ ከየት እንዳመጣሽውም አሳዪ። ምክንያት ያለው ቁጥር ሲቀርብ፣ ምክንያት የሌለው ቁጥር አብሮት ለመቆም ይቸገራል።

የገርጂዋ ሰፊ (ጠያቂ)

የሆነውን ልንገራችሁ። እሑድ ቡናዬን ይዤ ሄድኩ። ጀበናው እስኪወርድ ድረስ ስለ ኪራይ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ከዚያ «አባባ፣ ዘንድሮ ምን አሳሰብዎ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ቀና ብለው ጣራቸውን አሳዩኝ። ኮርኒሱ ላይ ክረምቱን ሙሉ የፈሰሰው ውኃ ሰሌን የሚያህል ቡናማ ምልክት ትቷል። ቆርቆሮውን ለመቀየር ሠራተኞቹ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ካልሰጡን አንጀምርም ብለዋቸዋል። ለካስ የሚያስጨንቃቸው የወሩ ኪራይ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚገኝ ገንዘብ ነው። እኔ ደግሞ ጥቅምት 12 የሚወጣልኝ እቁብ አለኝ።

የካሬ ሜትሩን ሒሳብ በወረቀት አሳየኋቸውና፣ ኪራዩ 29,000 ሆኖ ለሁለት ዓመት ከጸና የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ እንደምከፍል ነግሬ ዝም አልኩ። የመርካቶው ወንድሜ የነገሩኝ የደሴዋ ሴት ትዝ ብላኝ የነጠላዬን ጥለት ሳሻሽ ቆየሁ። «34» አሉ። እንደገና ዝም አልኩ። ልጃቸው ከጓዳ «አባዬ፣ ጣራው እኮ!» ባትል ኖሮ እስከ ማታ እንዲሁ ሳንቆይ አንቀርም ነበር። በመጨረሻ 31,500 ብር፣ ለሁለት ዓመት ጭማሪ የሌለበት፣ የስድስት ወሩ 189,000 ብር ጥቅምት 12 በባንክ የሚገባ ሆኖ ተስማማን። የቫት ተመዝጋቢ አለመሆናቸውንም አረጋግጫለሁ።

ውል አርቃቂ

መልካም ነው። ቅድሚያ ክፍያ ስላለበት ግን አንድ አንቀጽ ያስገቡ። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማት ምክንያት ስንት ሱቅ እንደተነሣ ያውቃሉ። ቤቱ ለልማት ቢፈለግ ወይም ቢሸጥ፣ ያልተጠቀሙበት ወር ኪራይ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስልዎ በግልጽ ይጻፍ።

የገርጂዋ ሰፊ (ጠያቂ)

ይህንኑ በስልክ ነገርኳቸውና በ30 ቀን ውስጥ እንዲሆን ተስማሙ፤ መስከረም 28 በሁለት ምስክሮች ፊት እንፈራረማለን። ከጎኔ ካለው ፀጉር ቤት ጋር የምንጋራው የመብራት ቆጣሪ ነገር ግን አልተቋጨም። አከራዬ «ከልጁ ጋር ራሳችሁ ተነጋገሩ» ብለውኛል፤ ረቡዕ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ላነጋግረው ነው። እስከዚያው ቆጣሪው የሚያሳየውን ቁጥር ጠዋት ስከፍትና ማታ ስዘጋ ደብተር ላይ እየመዘገብኩ ነው።